ኩላሊትን ለዘመድ መስጠት፦ በወሎ የሚነሡ ፍርሃቶች ከየት ይመጣሉ፣ የትኞቹስ ልክ ናቸው?

በወሎ፣ ደሴም ይሁን ወልድያ፣ ኮምቦልቻም ይሁን ወረኢሉ፣ የአንድ ሰው ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ማቆማቸው ሲታወቅ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚሰማው «እጥበት» የሚለውን ቃል ነው፤ «ንቅለ ተከላ» የሚለው ዘግይቶ፣ ገንዘቡ ሊያልቅና ታማሚው ሊደክም ሲቃረብ ይመጣል። በዚያን ጊዜም ጥያቄው ለሐኪም ብቻ አይቀርብም፤ ለታላቅ ወንድም፣ ለአጎት፣ ለሸሁ፣ ለንስሐ አባት፣ አንዳንዴም ለቅሬው (ለእድሩ) ሰብሳቢ ይቀርባል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ «ይቅርብን፣ አላህ ያውቃል» ወይም «እግዚአብሔር ያመጣውን እንቀበል» የሚል ይሆናል። ይህን የሰማ ታዛቢ ሕዝቡ ሃይማኖተኛ ስለሆነ አካል መስጠትን አይቀበልም ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እኔ ግን ይህ ድምዳሜ ልክ ነው ብዬ አላምንም። ከሃይማኖታዊው አነጋገር ሥር ሌሎች ፍርሃቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ከወሬ የተወለዱ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት አላቸው፣ አንዱ ግን ሙሉ በሙሉ ልክ ስለሆነ በተግሣጽ ሳይሆን በመልስ መስተናገድ ያለበት ነው። እነዚህን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ኩላሊት ደምን የሚያጣራ፣ ትርፍ ውኃንና ቆሻሻን በሽንት የሚያስወጣ፣ የደም ግፊትን የሚያስተካክልና ደም እንዲመረት የሚያደርግ ሆርሞን የሚያመነጭ አካል ነው። አብዛኛው ሰው ሁለት ይዞ ይወለዳል፤ ለጤናማ ኑሮ ግን አንዱ ይበቃል። የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም ወይም የኩላሊትን ማጣሪያ የሚያቆስል ሌላ በሽታ ሁለቱንም ቀስ በቀስ ሲያጠፋቸው ታማሚው በሕይወት ለመቆየት ያለው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ደምን በማሽን ማጠብ ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ማሽኑ ጤናማ ኩላሊት ከሚሠራው የተወሰነውን ብቻ ስለሚሠራ፣ ገንዘብ አጥሮት ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ የሚቀንስ ሰው ሰውነቱ ያብጣል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ልቡም ይጎዳል። ሁለተኛው መንገድ ከሌላ ሰው የተወሰደን ጤናማ ኩላሊት በታችኛው ሆድ በአንድ ጎን አስገብቶ ከደም ሥሮችና ከሽንት ፊኛ ጋር ማገናኘት ነው፤ የታማሚው የቀድሞ ኩላሊቶች አብዛኛውን ጊዜ በቦታቸው ይተዋሉ።

ይህ ሕክምና ገና በሙከራ ላይ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1954 በአሜሪካ ቦስተን ዶክተር ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቹ ከሮናልድ ሄሪክ አንድ ኩላሊት ወስደው ለመንታ ወንድሙ ለሪቻርድ ተከሉ። ሪቻርድ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ፤ ሰጪው ሮናልድ ደግሞ በአንድ ኩላሊት ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2010 በ79 ዓመቱ አረፈ። መንትዮቹ ፍጹም ተመሳሳይ ስለነበሩ የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ነገር አልተዋጋውም። መንታ ላልሆኑ ሰዎች መንገዱ በሰፊው የተከፈተው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ፣ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያበርዱ የተሻሉ መድኃኒቶች ሲገኙ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር ተካሂዷል። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች ይሄድ ነበር፤ አቅም የሌለው ፎቶግራፉን በባነር አሳትሞ በየአደባባዩ እርዳታ ይጠይቅ ነበር፤ ይህ ሁለተኛው ዛሬም አልቀረም።

የቅዱስ ጳውሎስ ንቅለ ተከላ ማዕከልን አሠራር በሚመለከት አንድ ነገር በደንብ መታወቅ አለበት፤ ብዙ ፍርሃት የሚነሣው ይህ ባለመታወቁ ነውና። ኩላሊቱ የሚወሰደው በሕይወት ካለ፣ በፈቃዱ ከሚሰጥና ከታማሚው ጋር ዝምድና ካለው ሰው ነው። በሌሎች አገሮች ከሞቱ ሰዎችም ይወሰዳል፤ ይህም በአብዛኛው አንጎላቸው በማይመለስ ሁኔታ መሞቱ ተረጋግጦ፣ ልባቸው ግን በመተንፈሻ ማሽን እገዛ ገና ከሚመታ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በሃርቫርድ የተሰየመ ኮሚቴ የአንጎል ሞትን መለኪያ ካወጣ ጀምሮ ብዙ አገሮች ይህን በሕግ ተቀብለዋል፤ ሆኖም ደረቱ ከፍ ዝቅ የሚል፣ እጁ የሚሞቅ ሰው ሞቷል መባሉን ለመቀበል መቸገር ነውር አይደለም፤ ሐኪሞችና የሃይማኖት ሊቃውንትም ብዙ ተከራክረውበታል። በእኛ አገር ግን የኩላሊት ንቅለ ተከላው በዚህ መንገድ ስለማይከናወን፣ «ታምሜ ሆስፒታል ብተኛ ለኩላሊቴ ሲሉ ሳልሞት ሞተ ይሉኛል» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም።

ከዚህ ይልቅ ከባዱ ስጋት በሕይወት ያለውን ሰጪ የሚመለከተው ነው። አንዲት እናት ለልጇ ኩላሊቷን ልትሰጥ ስትነሣ ሌሎቹ ልጆቿ «አንቺንም እንዳናጣሽ» ብለው ቢከለክሏት ጨካኞች አይደሉም፤ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቁት። መልሱም «ምንም አትሆንም» የሚል መሆን የለበትም፣ እውነት አይደለምና። በሌሎች አገሮች በብዙ ሺህ ሰጪዎች ላይ በተደረገ ክትትል፣ ከቀዶ ሕክምናው ጋር በተያያዘ የሚሞተው ከ10,000 ሰጪዎች ሦስት ያህሉ ነው። የረጅም ጊዜውን ጉዳት በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት ግልጽ ቁጥር ሰጥቷል፤ በዕድሜ ዘመናቸው ኩላሊታቸው ሥራ እንደሚያቆም የሚገመተው ከ10,000 ሰጪዎች 90 ያህሉ ሲሆኑ፣ እንደ እነሱ ፍጹም ጤናማ ሆነው ካልሰጡት ከ10,000ው 14ቱ፣ ሳይመረመር ከተወሰደው ጠቅላላ ሕዝብ ደግሞ ከ10,000ው 326 ያህሉ ናቸው። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል። መስጠት ስጋቱን ይጨምራል፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ተመርምሮ የተመረጠ ሰጪ ከሰጠም በኋላ ስጋቱ ካልተመረመረው ከብዙው ሰው ያነሰ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ምርመራው ስለሆነ፣ ሐኪም «የደም ግፊት አለብዎት፣ አይችሉም» ብሎ አንድን አባት ሲመልስ የሚጠብቃቸው እሳቸውን ነው።

የቀረው ኩላሊት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መጠኑ ሰፋ ብሎ ብዙውን የጓደኛውን ሥራ ይረከባል። ሰጪው ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር ማንሣት የለበትም፤ ይህ ለቢሮ ሠራተኛ ቀላል ቢመስልም፣ በደላንታ ወይም በወረባቦ ለሚኖር ገበሬ ሞፈርና ቀንበር አለመንካት ማለት ነውና፣ ቀጠሮው ከእርሻና ከአጨዳ ወቅት ጋር እንዳይጋጭ፣ ከተጋጨም በደቦና በወንፈል ማን እንደሚሸፍንለት አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። ወንድ ከሰጠ ወገቡ ይደክማል፣ ልጅ አይወልድም የሚለው ወሬ ግን ሐሰት ነው፤ ኩላሊት ከዘር ፍሬ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሴትም ከሰጠች በኋላ ማርገዝና መውለድ ትችላለች፤ ሆኖም በእርግዝና ወቅት የደም ግፊት የመከሰት ዕድሉ ከፍ ስለሚል የቅርብ ክትትል ያስፈልጋታል፤ ገና ለመውለድ የምታስብ ወጣት ይህን ሳይነገራት ልትፈርም አይገባም።

ሴቶችን ካነሣን አይቀር፣ በዓለም ዙሪያ በሕይወት ሆነው ኩላሊት ከሚሰጡት መካከል ሴቶች ይበዛሉ። ይህ የፍቅር ምልክት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ያሳስበኛል። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ «ለወንድምሽ ካልሰጠሽ ማን ይሰጠዋል» በሚባልበት ቤት ውስጥ የታናሽ እኅት ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ ነው? ንቅለ ተከላ በሚሠራባቸው ብዙ ቦታዎች ተቀባይነት ያለው ሥርዓት ሰጪው ከቤተሰቡ ተለይቶ ብቻውን እንዲጠየቅ፣ ካልፈለገም ሐኪሙ ምስጢሩን ጠብቆ ለቤተሰቡ «ለመስጠት አይመችም» ብሎ ብቻ እንዲነግር ያዛል። ሕጋችንም ለዚህ ቦታ ሰጥቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 18 ሰውነትን በከባድ ሁኔታ የሚጎዳ ስጦታ፣ በሕክምና ሙያ ደንብ የተደገፈ ካልሆነ በስተቀር፣ ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 19 ደግሞ ሰውነቱን ወይም የአካሉን ክፍል ለመስጠት ቃል የገባ ሰው በማንኛውም ጊዜ ቃሉን ሊያነሣ እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ ፈርማ፣ አዲስ አበባ ደርሳ፣ አልጋ ይዛ እንኳ «አልፈልግም» ያለች ሴት ሕግ ከጎኗ ነው፤ እሷን በዚህ ምክንያት ማግለልም ታላቅ በደል ነው።

በወሎ ከሁሉም በላይ የሚዛመተው ፍርሃት ግን ከሆስፒታል ሳይሆን ከስደት መንገድ የመጣ ይመስለኛል። ከአካባቢው ብዙ ወጣት በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን አቋርጦ ወደ ሳዑዲ ያቀናል፤ ያልተመለሰ ልጅ ባለበት ሰፈርም «ኩላሊቱን አውጥተው በረሃ ላይ ጣሉት» የሚል ወሬ ይሰማል። ስደተኞች በመንገድ ላይ መታገታቸው፣ ለቤዛ መሰቃየታቸውና መገደላቸው እውነት ነው፤ እናቶች በዚህ ወሬ ቢያምኑ አይፈረድባቸውም። ይሁንና ኩላሊት ከሰውነት ከወጣ በኋላ በልዩ ፈሳሽና በቅዝቃዜ ተይዞም የሚቆየው አንድ ቀን ወይም ከዚያ ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ነው፤ ከመውጣቱ በፊት የሰጪውና የተቀባዩ ደም ዐይነት መመሳከር አለበት፣ ንጹሕ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ የሠለጠነ ቡድንና ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ተቀባይ ያስፈልጋል። በረሃ ላይ ይህ ሁሉ አይገኝም። እውነተኛው የአካል ንግድ የሚፈጸመው ብዙ ጊዜ በተደራጀ ሆስፒታል ውስጥ፣ ድሃውን በገንዘብ በማታለልና ያልሆነውን ዘመድ ነው የሚል ሰነድ በማዘጋጀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኢስታንቡል መግለጫ ያወገዘው ይህን ሲሆን፣ የአገራችን የወንጀል ሕግም የአካል ክፍልን መነገድን በብርቱ ይቀጣል። በመሆኑም አንድ ደላላ ወደ ቤት መጥቶ «ኩላሊት ሽጥ፣ ይህን ያህል እሰጥሃለሁ» ወይም «ሰጪ አመጣላችኋለሁ» ቢል መፍራት ያለብን እሱን ነው፤ የማዕከሉ ሐኪም ዝምድናን ደጋግሞ መጠየቁም ቢያሰለች ከዚህ ለመጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ሃይማኖቱ እንምጣ። በሙስሊሙ በኩል ጥንቃቄው የሚነሣው ከሁለት ነገር ነው፤ ሰውነት የአላህ አደራ ነው፣ የሞተን ሰው አጥንት መስበርም በሕይወት ያለን ሰው አጥንት እንደ መስበር ነው ከሚለው ሐዲስ። ሊቃውንቱ እነዚህን አልዘነጉም። በሳዑዲ ዐረቢያ ታላላቅ ዑለማ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1982፣ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) አካዳሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 በጅዳ ባደረገው ስብሰባ፣ በቅድመ ሁኔታ ፈቅደዋል፤ ሰጪው ሕይወቱ አደጋ ላይ መውደቅ የለበትም፣ ፈቃዱ ነፃ መሆን አለበት፣ ከሞተ ሰው የሚወሰድ ከሆነ ሟቹ በሕይወት ሳለ ወይም ወራሾቹ መፍቀድ አለባቸው፣ መሸጥ ግን በፍጹም አይፈቀድም። አንዲትን ነፍስ ያዳነ ሰዎችን ሁሉ እንዳዳነ ነው የሚለው የቁርኣን ቃልም ከማስረጃዎቻቸው ይጠቀሳል። የማይስማሙ ሊቃውንት መኖራቸው እውነት ነውና፣ ልቡ ያልተረጋጋ ሰው የሚያምነውን ሸህ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ሲጠይቅ ግን «አካል መስጠት ይቻላል ወይ» ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ በሕይወት ያለ ሰው ለዘመዱ፣ ያለ ገንዘብ፣ በሐኪም ተመርምሮ ሊሰጥ መሆኑን ዘርዝሮ ቢጠይቅ መልሱ የጠራ ይሆናል።

በክርስቲያኑ በኩል የሚሰማው ስጋት «ጎድዬ ብቀበር እንዴት እነሣለሁ» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ በራሱ በምእመኑ እምነት ውስጥ አለ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥጋው ተቃጥሎ፣ ተፈጭቶ በደብረ ይድራስ ተራራ ላይ እንደተበተነና እግዚአብሔር እንዳስነሣው ገድሉን የሰማ ሁሉ ያውቃል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም አንድ እግራቸውን በጸሎት ብዛት አጥተዋል። ከተበተነ ትቢያ ሰማዕትን የሚያስነሣ አምላክ ለወንድሙ ኩላሊቱን የሰጠን ሰው ማስነሣት ያቅተዋል ብሎ የሚያምን ክርስቲያን አላውቅም። ሙስሊሙም ትንሣኤን የሚያምነው ጣቶችን ሳይቀር መልሶ በሚያስተካክል ጌታ ነው።

ወሎን ከሌላው የሚለየው ሌላ ጥያቄም አለ። አያቱ ሸህ፣ አክስቱ እማሆይ የሆኑለት ሰው ብርቅ ባልሆነበት አገር፣ የሚስማማው ሰጪ ከሌላው ሃይማኖት ሊሆን ይችላል። ሠርግና ለቅሶ አንድ ላይ እየዋለ በሥጋ ማዕድ ላይ የሚለያይ ሕዝብ «የእሱ ኩላሊት በእኔ ውስጥ እንዴት ይሆናል» ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም። የእርዱ ልዩነት የሚበላን የሚመለከት ነው፤ ኩላሊት አይበላም፣ እምነትንም ጠባይንም ትዝታንም ይዞ አይሄድም። ሐኪሙ የሚያመሳክረው የደም ዐይነትንና የሕዋስን ተስማሚነት ብቻ ነው። ወላድ ደም ፈሷት በተጨነቀችበት ሰዓት ከደም ባንክ የመጣው ደም የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድማማቾች ሕዋሳቸው ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ ይህን ያህል የማይመሳሰሉ ባልና ሚስትም በመድኃኒት እገዛ ጥሩ ውጤት ያገኛሉ።

ከሞት በኋላ መስጠትን በሚመለከት በአገራችን በተግባር ያለው የዐይን ብሌን ነው። የኢትዮጵያ ዐይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ተቋቁሞ፣ ልብ ቆሞ ሞት ከተረጋገጠ በኋላ የሚወሰድ ብሌን ለሌሎች እንዲተከል ያደርጋል፤ አንድ ሟች ለሁለት ሰዎች ብርሃን ሊሆን ይችላል። የሟቹ ፊት አይበላሽም፤ ሥራው አጭር ስለሆነም ሟች ሳይውል ሳያድር በሚቀበርበት ባህላችን እንኳ ከፈኑንም ፍትሐቱንም አያዘገይም። እውነቱን ለመናገር ግን ብሌኑ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መወሰድ ስላለበትና ባንኩ መቀመጫው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ በመቄት ገጠር የሞተ ሰው ቢፈቅድም ሰዓቱ ያልፋል። የአማራ ክልል በዓለም የዐይን ማዝ (ትራኮማ) እጅግ ከሚጠናባቸው ቦታዎች አንዱ መሆኑ፣ ወደ ውስጥ የዞረ ሽፋሽፍት ብሌንን እየፋቀ ማጥፋቱ ሲታሰብ ይህ ያሳዝናል። በማዝ የተጎዳ ዐይን ንቅለ ተከላውን በቀላሉ እንደማይቀበልም መታወቅ አለበት፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ፊትን መታጠብና ሽፋሽፍቱን በጊዜ በቀላል ቀዶ ሕክምና ማስተካከል ከብሌን ይቀድማል። ቅሬዎች የወር ስብሰባቸው ላይ የዐይን ብሌን ጉዳይ ቢነሣ የምደግፈው፣ ውሳኔው በለቅሶ ሰዓት ላይ ከወደቀ ማንም ዘመድ ኃላፊነቱን ስለማይወስድ ነው፤ ሰው በጤናው የተናገረውን ቀባሪዎቹ ካወቁት ጠብ አይነሣም።

ተቀባዩም ቢሆን የተሟላ መረጃ ይገባዋል። ንቅለ ተከላ ከሕመም ጨርሶ አያሰናብትም፤ ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ነገር እንዳይዋጋው በየቀኑ፣ ኩላሊቱ እስከሚያገለግልበት ጊዜ ድረስ፣ መድኃኒት መዋጥ ግዴታ ነው። «ተሽሎኛል» ብሎ ማቆም፣ ወደ ጠበል ወይም ወደ ወዳጃ (የዱዓ ስብሰባ) ሲሄዱ መተው የዘመድን ስጦታ ያጠፋል፤ ጸሎቱም ዱዓውም ከመድኃኒቱ ጋር ይሁን። መድኃኒቱ የመከላከል አቅምን ስለሚቀንስ ቀላል የሚመስል ትኩሳት እንኳ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። በሕይወት ካለ ሰው የተወሰደ ኩላሊት በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል፤ በእጥበት ማሽን ከሚገኘው ዕድሜና ጉልበት ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ጸጋ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው ያልኩት ፍርሃት «ከሰጠሁ በኋላ እኔን ማን ያየኛል?» የሚለው ነው። ሰው ሁሉ ታማሚውን «አብሽር» እያለ ሲከብ ሰጪው ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ስለማያመው አይመረመርም፤ የደም ግፊት ቀስ ብሎ ቢመጣበት የሚነግረው ሰው የለም። እሱ የሚያስፈልገው ግን ውድ ሕክምና አይደለም፤ በየዓመቱ የደም ግፊት ልኬት፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የክሬአቲኒን የደም ምርመራና በሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ ነው፤ እነዚህን ለማግኘት ወደ አዲስ አበባ መውረድ አያስፈልግም፣ በደሴም በወልድያም በኮምቦልቻም ይሠራሉ። የህመም ማስታገሻ ክኒኖችን እንደ ልብ ከመውሰድ መጠንቀቅም አለበት፤ በተለይ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለአንድ ኩላሊት ጥሩ አይደሉም። ሰጪው ከማዕከሉ ሲወጣ አንድ ኩላሊት ብቻ እንዳለው የሚገልጽና የየዓመቱን ምርመራ የሚዘረዝር ወረቀት ጠይቆ ይዞ ይመለስ፤ ዘመዶቹም ለእጥበትና ለጉዞ ገንዘብ ሲያዋጡ የሰጪውን የዓመት ምርመራና ከሥራ የሚቀርባቸውን ሳምንታት ወጪ ከመጀመሪያው ጀምሮ በመዋጮው ውስጥ ያስገቡለት።